«ይሄ ማውስ ይፈጥናል»፦ የስክሮል ፍጥነት ስለካ የያዝኩት ማስታወሻ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ጩኸት ነው። ጅማ፣ ሂርማታ ያለችው የጽሕፈት ሱቃችን ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፍ በያዙ ተማሪዎች ተጨናንቃለች። እህቴ ትተይባለች፣ ታርማለች፣ ታትማለች። እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። ማለትም ሲበላሹ የምሰደበው እኔ ነኝ።

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ግቢ የመጣ ልጅ 118 ገጽ ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። «ገጽ 64 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አስተካክይልኝ» ይላታል። ገጹን ለማውረድ (ስክሮል ለማድረግ) የማውሱን ጎማ ታሽከረክራለች፤ ሠንጠረዡ ያልፋታል። ትመለሳለች፤ አሁንም ያልፋታል። በመጨረሻ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ስማ፣ ይሄ ማውስ ይፈጥናል። አንድ ነገር አድርገው» አለችኝ።

«ይፈጥናል ስትይ ምን ያህል?» አልኳት። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

እኔ ግን ከምሬ ነበር የጠየቅኩት። ባጃጅ ይፈጥናል ስንል በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እናውቃለን። የማውስ ጎማ ፍጥነትስ በምን ይለካል? ማታ ሱቁን ከዘጋን በኋላ ሦስት ማውሶች ሰበሰብኩ። የእህቴ ጥቁሩ ማውስ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀጥቅጧል። ባለፈው ወር መርካቶ ወርጄ የገዛሁት ነጩ አለ። አንድ ገመድ አልባም አለ። አራተኛው ተፈታኝ የኔ ላፕቶፕ ታችፓድ ነው።

ጎማዋ ስትዞር ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። እያንዳንዷን አንድ «ቀጭ» ብዬ ልቁጠራት። ከእህቴ የጥፍር ቀለም ሰርቄ ጎማዎቹ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ ነጥቧ ተመልሳ እስክትመጣ በጣቴ እየቆጠርኩ አዞርኩ። ጥቁሩ 24። ነጩ 24። ገመድ አልባው 18። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ የጥቁሩና የነጩ አንድ ቀጭ 15 ዲግሪ ናት ማለት ነው። ለዛሬ ይበቃኛል።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እህቴ የምትናገረው አይሰማም። ለሥራ የሚሆን ቀን ነው።

መለኪያዋን ሠራሁ። ብሮውዘር ውስጥ የምትከፈት አንዲት ገጽ ናት፤ ኢንተርኔት አትፈልግም። ጎማዋ በዞረች ቁጥር ብሮውዘሩ «ዊል» የሚባል መልእክት ለገጿ ይልካል። መልእክቱ ውስጥ «ዴልታ ዋይ» የሚባል ቁጥር አለ። ገጹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል ይሂድ የሚለውን የሚናገረው እሱ ነው። ወደ ታች ሲሆን ፖዘቲቭ፣ ወደ ላይ ሲሆን ኔጋቲቭ። እኔ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህንን ቁጥር ከነሰዓቱ እየተቀበልኩ እደምረዋለሁ።

ጎማዋን ወደ ኋላ በመለስኩ ቁጥር ድምሩ እየቀነሰ አስቸገረኝ። ስለዚህ ፍጹም ዋጋውን ብቻ፣ ማለትም ምልክቱን ጥሎ ቁጥሩን፣ እንዲይዝ አደረግኩት። ምልክቱ ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው መጠን ነው። (ይህችን ዓረፍተ ነገር ረቡዕ ተመልሼ በቀይ አሰመርኩባት።)

የመጀመሪያው ውጤት፦ ክሮም ላይ፣ ዙሙ 100 በመቶ ሆኖ፣ አንድ ቀጭ 100 ፒክስል (ፒክስል የስክሪኑ ትንሿ ነጥብ ናት)። በነጩም 100። በገመድ አልባውም 100። በጥቁሩም 100!

ይሄኔ ነው ነገሩ ግራ ያጋባኝ። እህቴ ይፈጥናል ያለችው ማውስ ከሌሎቹ በአንድ ፒክስል እንኳ አይበልጥም።

ቆይቼ ሳስበው ግን መሆን ያለበትም ይሄው ነው። ማውስ ፒክስል አያውቅም። ማውስ የሚያውቀው «አንድ ቀጭ ዞርኩ» ማለትን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ያንን ሲሰማ 120 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። ለምን 120? ወደፊት በጣም ቀጫጭን እርምጃ ያላቸው ጎማዎች ቢመጡ ለእኩል ክፍልፋይ እንዲመች ተብሎ ነው። ግማሹ 60፣ ሩቡ 30፣ ስምንተኛው 15። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴቲንጉን ያያል። ሳይነካ ሲገኝ 3 መስመር ነው የሚለው። መስመሩ በፒክስል ስንት እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ፕሮግራሙ ነው። ክሮም 3ቱን መስመር 100 ፒክስል ያደርገዋል። ኤክሴል 3 ረድፍ ያወርዳል። ቀጯ አንዲት ናት፤ እጅ በእጅ እየተቀባበሏት ነው እዚያ የምትደርሰው።

ፋየርፎክስ የሚባለው ሌላ ብሮውዘር ላይ ስሞክር ሳቅ መጣብኝ። ቁጥሩ 100 ሳይሆን 3 አለኝ። ማውሱ ከመቼው ቀረፈፈ? ለካ ገጼ አስቀድማ «በምን መለኪያ ነው የምትነግረኝ?» ብላ ስለጠየቀችው፣ ፋየርፎክስ በመስመር መለሰላት። 3 መስመር ማለቱ ነው። ሳትጠይቀው ቢሆን ኖሮ በፒክስል ይነግራት ነበር። ኪሎ ስጠብቅ በቁና ሰፈሩልኝ እንደማለት። ከዚህ በኋላ ክሮም ብቻ።

አንድ ሂሳብ ሠርቼ ልዝጋ። አንድ ሙሉ ዙር 2400 ፒክስል ነው። ኤ4 ወረቀት በሙሉ መጠኑ ስክሪን ላይ 1123 ፒክስል ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ዙር ሁለት ገጽ ከትንሽ ነገር ያስኬዳል። የልጁን 118 ገጽ በክሮም ከላይ እስከ ታች ለመውረድ 1325 ቀጭ ግድም ያስፈልጋል፤ 55 ዙር መሆኑ ነው። ጣት በአንድ ጉተታ ከ8 ቀጭ በላይ ብዙም አትሄድም። 166 ጊዜ ጣትን መሳብ! የእህቴ አመልካች ጣት ሳያብጥ መቆየቱ ይገርማል።

የረሳሁት ነገር፦ ጥቁሩን 10 ዙር ሳዞረው 240 ቀጭ መመዝገብ ነበረበት። 253 መዘገበ። ቆጠራ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የታችፓድ ቀን ነበር። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀንም ነበር። ሁለቱን ባንድ ቀን ማድረግ ስህተት ነው።

ላፕቶፑ ዳር ላይ ፕላስተር ለጥፌ 5 ሴንቲ ሜትር ለካሁ። ሁለት ጣቶቼን ከዚህ ምልክት እዚያኛው ድረስ እስባለሁ። ቀስ ብዬ ስስብ 400 ፒክስል ገደማ። ቶሎ ፈንጠር ሳደርገው 2900። ያው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ያው ጣት!

የመዘገብኩትን ሳየው ከጎማው ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ጎማ 100፣ 100፣ 100 እያለ ነው የሚሄደው፤ ደረጃ እንደመውረድ። ታችፓዱ 1፣ 2፣ 5፣ 9፣ 14 እያለ ይወጣል፤ ከዚያ በዝግታ ይወርዳል። ጣቴ ታችፓዱ ላይ የቆየችው የሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ገጹ ግን ከዚያም በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይንሸራተታል። ገፍተው የለቀቁት ጋሪ ዳገቱ እስኪይዘው እንደሚሄደው። ጋሪው የለም እንጂ። ሶፍትዌሩ ነው ጋሪ የሚመስለው።

ስለዚህ «ታችፓዱ በስንት ይፈጥናል?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው። በምን ፍጥነት ለገፋው ነው መልሱ።

ሰባት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዶሮ ወጥ ላኩ። እምቢ ማለት አይቻልም። ከምሳ በኋላ እጄን ታጥቤም ታችፓዱ የኔን ጣት በቅጡ አላውቅ አለ። አንዴ ይንሸራተታል፣ አንዴ ይደነቃቀፋል። ከሰዓት በኋላ የለካሁትን 20 ውጤት ሰረዝኩት። ቅቤ ያለበት ልኬት ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ውድድር። ገጿ ላይ የ10 ሰከንድ ሰዓት ጨመርኩ። ሰዓቱ ሲጀምር ጎማዋን የቻልከውን ያህል ታሽከረክራለህ። ሁሉም በነጩ ማውስ።

እኔ፦ 154 ቀጭ። በሰከንድ 1540 ፒክስል ማለት ነው። እህቴ፦ 191። ሥራዋ ነውና አልተገረምኩም። ለማሳተም ከመጡት ተማሪዎች አንዱ «ጌም ተጫዋች ነኝ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፤ 228 አወጣ። ጓደኛው አላመነም። ወረፋ ተያዘ። ለሃያ ደቂቃ ማንም ወረቀት አላሳተመም፤ እህቴ ዓይኗ ቀላ።

ከዚህ ጨዋታ አንድ ቁም ነገር አገኘሁ። ልጁ ሲያሽከረክር መዝገቡ ላይ 100 ብቻ ሳይሆን 200ና 300ም ይመጣል። ጎማዋ ቀጭ ዘለለች ማለት ግን አይደለም። ተራ የዩኤስቢ ማውስ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊ ሰከንዱ ነው ሪፖርት የሚያደርገው። ብሮውዘሩ ደግሞ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ጠብቆ፣ በመካከል የደረሰውን ደምሮ ባንድ ላይ ለገጿ ይሰጣታል። ስለዚህ መልእክት የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። መደመር ያለበት ዴልታው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወሬ። ይቺ ጎማ ወደ ብዙኃኑ እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ኢንቴሊማውስ የተባለውን ማውስ ሲያወጣ ነው። ሐሳቡ ግን ቀደም ይላል። በ1993 የማይክሮሶፍት ሠራተኛ የነበረው ኤሪክ ሚቸልማን ሰዎች ትልልቅ የኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ሲጠፉ ያያል። መጀመሪያ ያሰበው ጎማ አልነበረም፤ በሌላው እጅ የሚያዝ፣ እንደ ጆይስቲክ ያለ ነገር ነበር፤ ለማቅረብና ለማራቅ። የኔዋ እህት ዛሬም ሠንጠረዥ ውስጥ እየጠፋች ነው። ያውም ጎማ ተሰጥቷት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጠፋ፤ አሥር ሰዓት መጣ። በላፕቶፑ ባትሪ ላይ አልለካም። ቡና ጠጣሁ።

ማታ እህቴ እንደገና አማረረች። ተሸነፍኩላትና የሷ ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ 3 መስመር የነበረውን 1 አደረግኩት። በክሮም አንድ ቀጭ አሁን 33 ፒክስል ብቻ ነው። ፍጥነቱን በሦስት አካፈልኩላት። ከዚህ በኋላ ይፈጥናል ብትል አልሰማትም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

«ያው ነው» አለችኝ ጠዋት። «ይዘላል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ልል ነበር። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ይዘላል? ሐሙስ ያለችኝ ይፈጥናል ነበር። «ወዴት ነው የሚዘለው?» አልኳት።

«ወደ ታች ስሄድ ወደ ላይ ይመልሰኛል፤ ከዚያ አስተካክላለሁ ስል ያልፈኛል። ስንቴ ልንገርህ?»

ወደ ላይ።

ገጼን ከፈትኩ። ያቺን የፍጹም ዋጋ መስመር አየኋት። ወደ ላይ የሚለው ምልክት ኔጋቲቭ ነው፤ እኔ ደግሞ ኔጋቲቩን ገና በሁለተኛው ቀን በገዛ እጄ ደፍቼዋለሁ። ጥቁሩ ማውስ ሳምንቱን ሙሉ ሲከስስ ራሱን ነበር። ዳኛው ጆሮውን ደፍኖ ተቀምጧል።

መስመሯን አጠፋኋት። ጥቁሩን ይዤ ወደ ታች ብቻ፣ በቀስታ አዞርኩ። 100፣ 100፣ 100፣ ሲቀነስ 100፣ 100፣ 100፣ 100፣ ሲቀነስ 100። 500 ያህል መዘገብኩ። 41ዱ ወደ ላይ ናቸው። ነጩን በዚያው ልክ ሞከርኩት፤ አንድም የለም። የዓርቡ 253ም ተገለጠልኝ። ቆጠራዬ ትክክል ነበር። ጎማዋ ያልዞረችውን ዞርኩ እያለች ነበር፤ እኔም ወደ ፊቱንም ወደ ኋላውንም እኩል እደምርላት ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሴቲንጉን ነበር ስደበድብ የከረምኩት።

ጥቁሩን ነቅዬ ነጩን ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ መጥታ «ነጩ ቀርፋፋ ነው፤ ጥቁሩን ቶሎ መልስልኝ» አለች። ያን ሁሉ ስድብ ያወረደችበትን ማውስ! ልማድ ነው ብዬ ሳቅሁባት።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ጥቁሩን ማውስ ከመፍታቴ በፊት ጥፋቱ የዊንዶውስ አለመሆኑን ማረጋገጥ ፈለግኩ። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ አለን። ኢቭቴስት የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ማውሱ የሚለውን ማንም ሳይነካካው በቀጥታ ያሳያል። እዚያ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ሲቀነስ 1። ሲቀነስ 1፣ ሲቀነስ 1፣ 1፣ ሲቀነስ 1። እዚያም ይዘላል። ስለዚህ በሽታው ማውሱ ሆድ ውስጥ ነው።

ይዤ ሬዲዮና ስልክ ወደሚጠግኑት ጋሼ ሄድኩ። ሱቃቸው ከኛ ሦስት በር አልፎ ነው። «ማውስ ደግሞ ይጠገናል? ወርውረህ አዲስ ግዛ» ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አፍንጫቸው ላይ መነጽር ሰክተው ገለበጡት። ብሎኑ የለም። ከሆዱ ሥር የተለጠፈችውን ማንሸራተቻ በጥፍራቸው ቀስ አድርገው አነሷት። ብሎኗ እዚያ ሥር ተደብቃለች።

ውስጡ ብዙ ነገር የለም። የጎማዋ ዘንግ ጫፍ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ከጥፍር የማትበልጥ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዙሩን የምትቆጥረው ያቺ ሳጥን ናት፤ ኢንኮደር ይሏታል። ውስጧ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ። ጎማዋ ስትዞር ሁለቱም እየነኩ ይለቃሉ፤ ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ ትንሽ ይቀድማል። የመጀመሪያው ከቀደመ ወደ ታች ነው፣ ሁለተኛው ከቀደመ ወደ ላይ። ምላሶቹ ሲዝጉ ወይም አቧራ ሲገባቸው አንደኛው ሳይነካ ያልፋል። ያኔ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስላል፤ ማውሱም ወደ ላይ ሄድኩ ይላል። ይዋሻል አልልም። የተነገረውን ነው የሚያወራው። (በብርሃን የሚቆጥሩም አሉ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጎማ በኢንፍራሬድ መብራትና በተቀባዩ መሀል ይዞራል። እነሱ የሚዝግ ምላስ የላቸውም፤ ፀጉርና አቧራ ግን እነሱንም ያሳውራል።)

እኔ ለእጅ የምንጠቀመውን ሳኒታይዘር ላወጣ ስል ጋሼ እጄን መቱኝ። «ይሄ ግሊሰሪን አለው ልጄ፤ ያጣብቀዋል።» ከፋርማሲ ግሊሰሪን የሌለው አልኮል አመጣሁ። በመርፌ ሁለት ጠብታ ሳጥኗ ውስጥ አደረጉ፤ ጎማዋን ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዞሩ። ደገሙት። ከጎኗ ጥቁር ፈሳሽ ወጣ። እኔ ለመርዳት ብዬ ጎማዋን ይዤ በኃይል ሳሽከረክር «ሱታ፣ ሱታ!» አሉኝ። ቀስ በል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፍጥነት ሳስብ ከርሜ ይህን መስማቴ ደስ አለኝ።

የፋርማሲው አልኮል ውሃም ስላለበት ሳይደርቅ እንዳይሰካ አዘዙኝ። በሐምሌ፣ በጅማ እርጥበት፣ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ሌሊቱን ከምድጃው አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አደረ። ዓርብንም ጨመርኩለት። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ለቡና የሚሆን ትቼ ሮጥኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

በኔ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ሞከርኩ። ወደ ታች 500 ቀጭ፤ ወደ ላይ የመጣ ዜሮ። ሌላ 500፤ አንድ። ያቺን አንድ ከነሰዓቷ ጽፌያታለሁ። ምላሶቹ ማርጀታቸው አይቀርም፤ ከወር በኋላ እንደገና እለካለሁ። 10 ዙር፦ ልክ 240።

አራት ሰዓት ላይ ጥቁሩን ለእህቴ በክብር አስረከብኩ። የኪቶው ልጅም የመጨረሻ እርማቱን ይዞ እዚያው አለ። ጎማዋን አዞረች። አቆመች። እንደገና አዞረች።

«አይዘልም» አለች። ደረቴ ተነፋ። «ግን ቀርፋፋ ሆነ። ምን አደረግከው?»

ልማድ ነው ልላት አፌን ስከፍት መለኪያዋ ገጽ ትዝ አለችኝ። እሷ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳትና አንድ ቀጭ አዞርኩ። 33።

ማክሰኞ ማታ 1 መስመር ያደረግኩት ሴቲንግ! እሱ ማውሱ ላይ አይደለም የሚቀመጠው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ነጩን የሰጠኋት ጊዜም እዚያው ነበር። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ የሳቅሁባት።

3 አደረግኩት። ገጽ 64 ላይ በአንድ ጊዜ ቆመች። ልጁ ደግሞ ሠንጠረዡን አይቶ «ይሄ እንኳን ገጽ 71 ላይ ነው መግባት ያለበት» አላት።